እናቴን አባይ ላይ ላንሸራሸረልኝ የአስዋን ሬይስ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ካይሮ ለምትኖሩም፣ ግብፅን ለማየት ለምታስቡም ነው። አስዋን ውስጥ አንጀቴን ያራሰ አንድ የፈሉካ ሬይስ አለ። ፈሉካ ሞተር የሌለው ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ነው። ሬይስ ደግሞ አለቃው ነው፣ እዚያ ሁሉም ሰው የሚጠራው በዚህ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ስንለያይ አመስግኜዋለሁ፣ ግን አልወጣልኝም። ሌላ ሰውም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

እማዬ የዘጌ ልጅ ናት። ጣና ዳር ተወልዳ እዚያው ያደገች። ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ታንኳ ላይ እንጨት ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ይሄዱ እንደነበር ነግራኝ አትጠግብም። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ሲመለሱ ፀሐይ ላይ አቁመው ያደርቁታል። ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ እንደ ጓሮዋ ነው የምታውቀው። ስለዚህ ካይሮ እኔን ልትጠይቅ ስትመጣ ፒራሚድ አሳዪኝ አላለችም። "አባይን አሳዪኝ" ነው ያለችው።

ካይሮ ላይ ከድልድይ ላይ ሆነን አየነው። ጥሩምባው፣ የመኪናው ጭስ፣ ሙዚቃ እያስጮሁ የሚያልፉት የሞተር ጀልባዎች። እማዬ ብዙ ሰዓት ዝም ብላ ቆየችና "ደክሞታል" አለች። ይቺ ቃል አላስተኛኝም። በሳምንቱ የሌሊት ባቡር ይዘን ወደ አስዋን ሄድን።

የመጀመሪያው ቀን አልቀናንም። ወንዙ ዳር ባለው መንገድ ላይ አንድ ሰው ተከትሎን ተስማማንና ተሳፈርን። እማዬ ጉልበቷን ታማለች። ሰውየው በጠባብ ሳንቃ ላይ ክንዷን ጎትቶ ነው ያስገባት። መሃል ወንዝ ስንደርስ "ያልኳችሁ ዋጋ ለአንድ ሰው ነው" አለ። ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ መለሰን። ማታ እማዬ ጉልበቷን እያሸች "ይቅርብኝ ልጄ፣ አይቼዋለሁ እኮ" አለችኝ። እኔን ላለማስቸገር እንጂ እንዳላየችው አውቃለሁ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ወደ ኤለፋንቲን ደሴት የሚያሻግረው ጀልባ ከሚቆምበት አጠገብ አንድ ሰው መሬት ተቀምጦ ሸራ ይሰፋል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። አልተጣራም፣ አልተከተለንም። እኔ ነኝ ሄጄ የጠየቅኩት። ቀና ብሎ መጀመሪያ ያየው የእማዬን እግር ነው። ከዚያ "ከዚህ አይሆንም" አለኝ። እሺ የማይል መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ "ከዚህ ሳንቃ አይሆንም፣ ወደ ላይኛው የድንጋይ ደረጃ ውሰጃት" ማለቱ ነው።

ጀልባውን ራሱ እየገፋ ደረጃው ጋ አመጣው። የእህቱ ልጅ አብሮት ይሰራል። ልጁ ረጅሙን መቅዘፊያ በአንድ በኩል ያዘ፣ ሬይሱ በሌላ በኩል፣ እማዬ እንደ ደረጃ መደገፊያ ይዛው በራሷ ጊዜ ገባች። ማንም አልጎተታትም። ከጉልበቷ ስር አንድ ትራስ ደረበላት። ከመነሳታችን በፊት ዋጋውን ነገረኝና በጣቱ ደገመልኝ፦ ሁለት ሰዓት፣ ለጀልባው፣ ለሰው አይደለም። የመጀመሪያው ሰውዬ ከጠየቀን ግማሹ ነበር።

ከዚያ ሸራው ተዘረጋ። በባዶ እግሩ ደቀሉ ላይ ወጥቶ የታሰረውን ገመድ ሲፈታ ያ ሦስት ማዕዘን ሸራ አንዴ ተንኳኳና ነፋስ ሞላው። ጀልባው በጎኑ ዘንበል አለ። እኔ ጠርዙን ጨብጬ ያዝኩ፣ እማዬ ሳቀች። ሞተር የለም። የሚሰማው ከእንጨቱ ስር ውሃው ሲላላስና ገመዱ ሲንቋቋ ብቻ ነው። የሚመራው ከኋላ ቁጭ ብሎ ነው፣ የመሪውን እንጨት በብብቱ ይዞ።

አስዋን ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ነው የሚመጣው፣ ውሃው ደግሞ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። ስለዚህ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ነፋሱ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ውሃው ይወስዳችኋል። የጥንት ግብፃውያን "ወደ ደቡብ ሄደ" ብለው ሲጽፉ ሸራው የተዘረጋ ጀልባ ይስሉ ነበር፣ "ወደ ሰሜን" ለማለት ደግሞ ሸራ የሌለው። ሬይሱ ይህን ሲነግረኝ በእጁ ሸራውን እያሳየ ነው። የተማርኩት ትምህርት ቤት ቢሆን ረስቼው ነበር።

እማዬ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። አወጣችና መዳፏን አየችው። "ይሄ አባይ አይደለም" አለች። "ምነው?" አልኳት። "ጥርት ብሏላ። አፈሩስ? 'አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል' አይደል የሚባለው? ግንዱስ የት ሄደ?" ለሬይሱ ተረጎምኩለት። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወደ ደቡብ አመለከተ። አፈሩም ግንዱም ከከፍተኛው ግድብ ጀርባ ናስር ሐይቅ ውስጥ ቀርቷል አለ። ግድቡ የተሰራው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1970 ነው። ከዚያ በፊት በአያቱ ዘመን ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይሞላ ነበር። ገበሬው ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ቀለም ነው። "ያ ቀለም የእናንተ ሀገር አፈር ነበር" አለን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከኢትዮጵያ ነን ከማለቴ በፊት ትንሽ ፈርቼ ነበር። እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ስለ ውሃው ወሬ ሲነሳ ሰው ፊቱ ይለወጣል። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አህላን"፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብቻ ነው ያለው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃል። እማዬን "ያ ኡሚ" ማለት ጀመረ፣ እናቴ ሆይ እንደማለት።

እሱ ኑቢያዊ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን አባይ ዳር ከሚኖረው ሕዝብ። የአያቱ መንደር ከአቡ ሲምበል አጠገብ ነበር። ግድቡ ሲሰራ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 ያካባቢው ሕዝብ ተነስቶ ኮም ኦምቦ አካባቢ ሰፈረ፣ መንደሩ አሁን ሐይቁ ውሃ ስር ነው። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ነው የተነሳው። ይህን ሲነግረን ድምፁን ከፍ አላደረገም። አያቱ የቤታቸውን የእንጨት ቁልፍ ይዘው እንደወጡና እስከሚሞቱ ትራሳቸው ስር እንደነበር ነገረን። እማዬ "እሰይ ልጄ፣ አይዞህ" አለችው። በአማርኛ። እሱም የገባው ይመስላል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ውሃውን እያሳየ በእነሱ ቋንቋ፣ በኖቢን፣ ስሙን ነገራት። "አማን" አለ። እማዬ ቀና አለች። ደህንነቷን የጠየቃት መስሏት "አማን ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ መለሰች። እሱ ደግሞ ቃሉን የደገመችለት መስሎት "አይዋ (አዎ)፣ አማን!" አለ። ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሦስት አራት ጊዜ ተባባሉ። አልተረጎምኩም። ዝም ብዬ አየኋቸው።

ትንሽ ቆይቶ የእህቱ ልጅ ምድጃ ለኮሰና ሻይ አፈላ። ብስኩት ሲያወጣ እማዬ በእጇ ከለከለችው። ሬይሱ "ሲያሚ?" አለኝ። ግብፆች የጾም ምግብን የሚሉት እንዲህ ነው። አዎ ረቡዕ ነው አልኩት። ወዲያው ብስኩቱን አስመለሰና ተምርና ከርከዴ አቀረበላት። ከርከዴ ከአበባ የሚዘጋጅ መጠጥ ነው፣ የአስዋኑ ዝናው የታወቀ ነው፣ ቀይ፣ ኮምጠጥ ያለ። የሱ ጎረቤቶች ክርስቲያኖች ናቸው፣ ጾማቸውን ያውቀዋል። ሙስሊም ሆኖ የእማዬን ረቡዕ ከእኔ በፊት ነው ያሰበላት።

ከኤለፋንቲን ደሴት ጀርባ ድንጋዮቹ ክብ ክብ ናቸው፣ ውሃ ውስጥ የተኙ ዝሆኖች ይመስላሉ። ደሴቷ ላይ የጥንት ሰዎች የወንዙን ከፍታ የሚለኩበት ደረጃ አለ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት የተቀረጸበት። ሬይሱ ጀልባውን አስጠግቶ አሳየን። ውሃው በዝቶ ከመጣ እህሉ ይበዛል፣ ግብሩም ይጨምራል። ጎንደርና ጎጃም ላይ የዘነበው ዝናብ እዚህ በደረጃ ይለካ ነበር ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጄኔራል ኪችነር ዛፍ የተከለባትን የአትክልት ደሴትና ኮረብታው ላይ ያለውን የአጋ ካን 3ኛ፣ የኢስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ የነበሩት፣ መቃብርም አለፍን። በወዲያኛው ዳር የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ሲታያት እማዬ አማተበች።

ትንንሽ ልጆች በሳንቃ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው እየቀዘፉ መጡ። ለቱሪስት ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ሳንቲም ይጠይቃሉ። እማዬ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አወጣችና ለሁሉም በእፍኝ ሰጠቻቸው። አንዱ ቀምሶ ዘፈኑን አቋረጠ። "ጨምሪልኝ" በሚል ዓይን አያት። ጨመረችለት።

ከዚያ እማዬ በተራዋ ተረከች። የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ታሪክ። ሊይዟቸው ሲመጡ መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጡ፣ ከእስር ሲመለሱ ወንዙ አንድ ገጽ ሳያረጥብ መለሰላቸው፣ ይባላል በሀገሯ። ግሽ አባይ፣ ምንጩ ላይ። ሬይሱ መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ሰማ። የእህቱ ልጅ "ደረቅ?" ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። "ደረቅ" አልኩት።

ስንመለስ ነፋሱ ሞተ። ሸራው እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠለጠለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ሁለት ሰዓታችንም አልቋል። የሚያልፍ የሞተር ጀልባ ጠርቶ ሊያስጎትተን ይችል ነበር፣ ክፍያው ግን በእኛ ላይ ይሆናል። እሱና ልጁ ሁለቱን መቅዘፊያዎች አወጡ። እነዚያ መቅዘፊያዎች እንደ በር ሳንቃ የከበዱ ናቸው። አርባ ደቂቃ ቀዘፉ። ላቡ ጋላቢያውን፣ ረጅሙን ቀሚሱን፣ አርሶት ነበር። እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ግንባሩን ልትጠርግለት ተነሳች፣ "ቁጭ በይ ያ ኡሚ" አላት። ያቺን ያህል ብቻ ነው የተቆጣው።

ደረጃው ጋ ደርሰን ስከፍል የተጨማሪውን ጊዜ ልጨምር አልኩ። አልቀበልም አለ። ነፋሱ የጠፋው በእናንተ ጥፋት አይደለም ነው ያለው። ለልጁ ግድ ብዬ ሰጠሁት፣ እናንተም ስትሄዱ ልጁን አትርሱት።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ተነሱ። በክረምታቸው፣ ማለትም በታኅሣሥና በጥር፣ ቀን ሙቀት ቢሆንም ማታ ውሃው ላይ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። ጀልባው ላይ ሽንት ቤት የለም። ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ለጀልባው መሆኑንና ስንት ሰዓት መሆኑን በግልጽ ተስማሙ። ትልቅ ሰው ወይም ጉልበት የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ አትፈልጉ፣ እሱ ጋ ሂዱ።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ እንዳልለጥፍ ጠይቆኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። "የሐበሻዋ እናት" ካላችሁት ያውቃችኋል።

እማዬ ሀገሯ ገብታለች። በደወልኩ ቁጥር "ያ ልጅ ደህና ነው?" ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሰው እጅ ሁለት ኪሎ የዘጌ ቡና ላከች። አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የሬይሱ። እኔ እስከ ፋሲካ ፈቃድ የለኝም። በዚህ ወር ወደ አስዋን የሚሄድ ሰው ካለ እባካችሁ አሳውቁኝ፣ ቡናው ታሽጎ ተቀምጧል፣ አደራውን የሚያደርስልኝ ነው የምፈልገው።