ለጤና ባለሙያዎች በሚሸጡ የዳታ ትንተና ሥልጠናዎች ላይ የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በጤና ተቋማት ለምትሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የመመረቂያ ጥናታችሁን በመሥራት ላይ ላላችሁ ሁሉ ሲሆን፣ በቴሌግራም ቻናሎች የሚተዋወቁትን የአጭር ጊዜ የስታትስቲክስና የዳታ ትንተና ሥልጠናዎች ከመክፈላችሁ በፊት በሚገባ እንድትመረምሩ ለማሳሰብ ነው። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ የተመዘገብንበት ሥልጠና ስታትስቲክስን ከመሠረቱ እንደሚያስተምር፣ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያገለግል የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ) ሰርተፍኬት እንደሚሰጥና ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ከነፈቃዱ እንደሚያስረክብ በማስታወቂያው ገልጾ ነበር። ከሦስቱ አንዱም እውነት ሆኖ አልተገኘም።

ከሁሉ የከፋው የትምህርቱ ይዘት ነው። አሠልጣኙ የትኛው ሜኑ ተከፍቶ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ብቻ ያሳየን ነበር እንጂ የሚወጣው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ አንድም ጊዜ አላብራራም። አንድ ቀላል ምሳሌ ላቅርብ። ሰባት ሕሙማን በዋርድ ውስጥ የቆዩባቸው ቀናት 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4 እና 45 ቢሆኑ አማካዩ 9 ቀን፣ ሚዲያኑ (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው) ግን 3 ቀን ነው። ከሰባቱ ስድስቱ ከአራት ቀን በላይ ስላልቆዩ፣ በአማካዩ ተመርኩዞ አልጋ የሚያቅድ ኃላፊ ፈጽሞ የተሳሳተ ስሌት ላይ ይወድቃል። በሆስፒታል ዳታ ላይ በየዕለቱ የሚያጋጥመው ይህ ጉዳይ በሥልጠናው ጨርሶ አልተነሣም።

የናሙና መጠንን በተመለከተም የተሰጠን 384 የሚል ቁጥር ነበር፤ ምላሽ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመርበት 422 ወይም 423 ይሆናል፤ ይኸው ለማንኛውም ጥናት ይበቃል ተባልን። ይህ ቁጥር የሚገኘው አንድን ምጣኔ (ከጠቅላላው ሕዝብ ስንት በመቶው እንደሆነ) ብቻ ለመገመት ሲፈለግ፣ ምጣኔው 50 በመቶ እንደሆነ ተወስዶ፣ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ሲሰላ ነው። ሁለት ቡድኖችን የሚያነጻጽር ጥናት የራሱ ስሌት አለው፤ ቀበሌዎችን በክላስተር፣ ማለትም በጅምላ እንደ አንድ ቡድን፣ መርጦ የሚሠራ ጥናትም ለናሙና አመራረጡ የሚደረግ ጭማሪ ያስፈልገዋል። አንድ ተመራቂ ይህን ሳያውቅ ወራት የፈጀበትን መጠይቅ ከሰበሰበ በኋላ ከፈታኞቹ ፊት ሲቆም የሚደርስበትን ማሰብ ያሳዝናል።

የተለያዩ ምክንያቶች ሆነ ወይም አልሆነ ከሚባል ውጤት ጋር ያላቸውን ግንኙነት በሚለካው በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ላይ ደግሞ ፒ-ቫሊዩው (ግንኙነት ባይኖር ኖሮ ቢያንስ ይህን ያህል የጎላ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ) ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ወደሚቀጥለው ሞዴል አስገቡ፣ ከ0.05 በታች የሆነውን ሪፖርት አድርጉ ከማለት ያለፈ ማብራሪያ አልነበረም። ኦድስ ሬሾ (በየቡድኑ ጉዳዩ የሆነላቸው ቁጥር ላልሆነላቸው ቁጥር ተካፍሎ፣ የአንዱ ቡድን ውጤት ለሌላው ሲካፈል የሚገኘው) በቀጥታ እንደ እጥፍ እንዲነበብም ተማርን። ማስታወሻ መልእክት ከደረሳቸው 100 እናቶች 60ዎቹ፣ ካልደረሳቸው 100 ደግሞ 40ዎቹ የልጆቻቸውን ክትባት አስጨረሱ እንበል። የመጀመሪያዎቹ የማስጨረስ ዕድል ከሁለተኛዎቹ 1.5 እጥፍ ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ይሆናል። ጉዳዩ በብዛት የሚታይ ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች እጅግ ይራራቃሉ፤ 2.25ን እንደ እጥፍ የጻፈ ሪፖርት ለጤና ቢሮ ቢቀርብ የማስታወሻ መልእክቱን ጥቅም አጋኖ ያሳያል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አሠልጣኙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ከ100 ሰው አንዱ ብቻ በታመመበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ሴንሲቲቪቲው (የታመሙትን ፖዚቲቭ የማለት አቅሙ) 90 በመቶ፣ ስፔሲፊሲቲው (ጤነኞቹን ኔጋቲቭ የማለት አቅሙ) 95 በመቶ በሆነ ምርመራ ፖዚቲቭ ከሆኑት መካከል በእርግጥ የታመሙት ስንት ናቸው? ከ10,000 ሰዎች 100ዎቹ ታመዋል፤ ከነርሱ 90ዎቹ ፖዚቲቭ ይሆናሉ፤ ከ9,900 ጤነኞችም 495ቱ በስሕተት ፖዚቲቭ ይሆናሉ። በድምሩ ከ585 ሰዎች በትክክል የታመሙት 90፣ ማለትም 15 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን በወረቀት ላይ ሠርቶ ማስረዳት የማይችል ሰው ለጤና ባለሙያ ስታትስቲክስ ለማስተማር ክፍያ ሊቀበል አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ሰርተፍኬቱን በሚመለከት፣ አንዲት ባልደረባችን ለፈቃድ እድሳት ስታቀርበው ሥልጠናው እውቅና እንደሌለው ተነገራት። የእውቅናውን ማስረጃ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እውቅናውን ሰጠ ከተባለው አካልም ራሳችሁ አረጋግጡ። ከነፈቃዱ የተባለው ሶፍትዌርም ፈቃዱ በሕገ ወጥ መንገድ የተሰበረ ቅጂ ነበር፤ ለመጫን አንቲቫይረስ አጥፉ መባሉ ብቻውን ሊያስጠነቅቃችሁ ይገባል። አር የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቁልፍ በመጫን መሥራት ለሚቀላቸው ደግሞ ጃሞቪና ጃስፕ የተባሉ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ለመለማመጃ የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ሪፖርትን እመክራለሁ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 166 የነበረው በ2016 ወደ 67 መውረዱን የሚያሳይ ሲሆን፣ የዋና ዋና ግምቶቹን የመተማመኛ ወሰን (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተውን ክልል) በአባሪው አስፍሯል።

አጥብቄ የማሳስበው ሌላ ጉዳይ አለ። አሠልጣኙ ለልምምድ በሚል የየሆስፒታላችንን የሕሙማን ዳታ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንድንለቅ ጠይቆን ነበር፤ የአንዳንዱ ፋይል የካርድ ቁጥርና የኤችአይቪ ውጤት ጭምር ይዟል። የግል ዳታ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል፤ ከአዋጁም በፊት ቢሆን የሕሙማንን ምሥጢር መጠበቅ የሙያችን ግዴታ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በምንም ምክንያት አትቀበሉ።

የሥልጠናው አዘጋጆች ክፍያውን የተቀበሉት በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ደረሰኝም አልሰጡንም። ገንዘባችን እንዲመለስ ስንጠይቅ ከግሩፑ አስወጡን፤ ማስታወቂያውንም ከቻናላቸው አጠፉት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አቤቱታ ለማቅረብ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የተመዘገባችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን፣ የተላላካችሁትን መልእክትና የባንክ ማስተላለፊያውን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ።