ድሬ ላይ የሞተር መንጃ ፈቃድ ላወጣ ገብቼ ስምንት ቁጥር ተምሬ ወጣሁ

ለማሰልጠኛው የሰጠሁት ነጥብ ከአምስት ሁለት ተኩል ነው። ተኩሏ የአንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ናት፣ እሱ ጋ እደርሳለሁ። የማሰልጠኛውን ስም አልፅፍም፣ የሰው እንጀራ ላይ መግባት አልፈልግም፣ ደሞ ሌላ ቦታ የተማሩ ጓደኞቼም ሲያወሩ ያው የኔኑ ታሪክ ነው ሚያወሩት፣ ስለዚህ ድሬ ውስጥ ሞተር ሊማር ያሰበ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይግባ ብዬ ነው።

ነርስ ነኝ። ምድቤ ገጠር ነው፣ ቢዮ አዋሌ በኩል፣ መስሪያ ቤቴ ሞተር ሲመድብልኝ "መንጃ ፈቃድ ካላመጣሽ ቁልፍ የለም" አሉኝ፣ ልክ ናቸው። እስከዛ ድረስ የሄድኩት እስከሚያደርሰኝ በባጃጅ፣ የቀረውን በሰው ሞተር ተፈናጥጬ ነበር፣ የክትባት ሳጥን ታቅፌ፣ ያ ሞተረኛ ራሱ መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ምዝገባው ቀላል ነው፣ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። 18 ዓመት የሞላው፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶ፣ የጤና ምርመራ፣ በቃ። የከፈልኩት 6,500 ብር ነው። የዓይን ምርመራው ላይ ሳቄ መጣ፣ ሰሌዳው እኔ ራሴ ስንት ሰው ያቆምኩበት ዓይነት ነው፣ እስከ ታችኛው መስመር በቃሌ ነው ማውቀው፣ ጨፍኜም አልፍ ነበር (ዓይኔ ደህና ነው፣ አትስጉ)። በር ላይ ደሞ አንድ ደላላ ጠጋ ብሎ "እህቴ ፀሐይ ላይ ምን ያስለፋሻል፣ ሳትማሪ ይወጣልሻል" አለኝ፣ ዋጋውን እንኳ አልጠየቅኩትም፣ ግን ካጠገቤ የነበረው ልጅ ጠየቀው፣ ክፍል ውስጥም አላየሁትም ከዛ በኋላ።

የሄልሜቱ ነገር ነው ያበሸቀኝ። ለአስራ አንድ ሰልጣኝ ሁለት ሄልሜት ነው ያለው። አንዱ መስታወት የለውም። ሌላው የአገጩ ማሰሪያ መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ ነው ሚታሰረው፣ በድሬ ሙቀት አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ከነላቡ ይቀበለዋል፣ ሽታውን አልነግራችሁም። ጣቴን ወደ ውስጥ ሰድጄ ፎሙን ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ያ ፎም እኮ ነው ትልቁን ስራ የሚሰራው፣ ሰው ሲወድቅ እሱ ተጨፍልቆ ምቱን ይውጠዋል፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ደሞ አይመለስም፣ ለዛ ነው አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ውጪው አዲስ ቢመስልም ሚጣለው። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት አደጋ ሲደርስ የመሞትን እድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ ይቀንሳል፣ ይሄ ግን ጭንቅላት ላይ ያለ ሄልሜት ነው፣ እንደኛ ሰፈር ልጆች ክርን ላይ ተንጠልጥሎ ትራፊክ ሲታይ ብቻ የሚደረገውን አይጨምርም። ለአሰልጣኙ ስነግረው "ለፈተናው ይበቃል" አለኝ። ይቺን አረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ተመልሳ ትመጣለች።

ቲዎሪው ደህና ነው። ምልክቱ፣ አደባባይ ላይ ቅድሚያ ለማን ነው ምናምን፣ አስተማሪው ወጣት ልጅ ነው፣ ተረጋግቶ ያስረዳል፣ ፈተናውም ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ማጭበርበር ይከብዳል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፣ ፍጥነትና ርቀት። በ60 ስትነዱ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ሄዳችኋል፣ ማለትም ፍሬን ልያዝ ብላችሁ እጃችሁ እስኪንቀሳቀስ ድረስ አምስት ስድስት ባጃጅ ተሰልፎ የሚቆምበትን መንገድ አልፋችሁታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደሞ ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ ያለው መቆሚያ ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው ሚሆነው። ይሄን እዛ ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም፣ ኋላ ነው የሰማሁት፣ በጉልበቴ ከፍዬ።

ተግባር። ሜዳው ሳቢያን በኩል ነው፣ አቧራ፣ ዛፍ የሚባል የለም። ኮን የሚሏቸው አሸዋ የተሞሉ ሃይላንዶች ናቸው፣ በነሱ መሃል ስምንት ቁጥር ትዞራላችሁ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ እግር ሳይነካ፣ ሃይላንዷ ሳትወድቅ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስምንት። ማታ ተኝቼም ስምንት ነው የማየው። ሰልጣኝ ብዙ ሞተር ሁለት ስለሆነ በቀን የሚደርሳችሁ ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ቀሪውን አጥር ጥግ ቆማችሁ ሌላው ሲዞር ማየት ነው። እኔና አንዲት ልጅ ብቻ ነበርን ሴት፣ እሷ በመጀመሪያው ቀን ድሪያ (ያን ረጅምና ሰፊ ቀሚስ) ለብሳ መጥታ ዝም ብለው አስቀመጧት፣ ካቴናው ሊይዘው እንደሚችል የነገራት ሰው የለም፣ እኔ ነኝ ጠቅልዬ ያሰርኩላት፣ ምክንያቱም ነጠላና ድሪያ ጎማ ውስጥ ገብቶ የመጣች ሴት በስራዬ አይቻለሁ።

እና ትልቁ ነገር። ሜዳው ላይ ቀኑን ሙሉ የምትሰሙት ጩኸት "የፊት ፍሬን እንዳትነኪ! ይገለብጥሻል!" ነው። እኔም አመንኩ። ጣቴን ከዛ ማንሻ ላይ አንስቼ ስምንቴን ዞርኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። መንጃ ፈቃድ ስይዝ ሶስተኛ ማርሽ አስገብቼ አላውቅም ነበር፣ አስፋልት ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ ሰው ኋላዬ ጭኜ አላውቅም። ወላሂ አላጋነንኩም።

በሶስተኛው ሳምንት ቀፊራ አካባቢ አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ያለ ፍሬቻ ፊቴ ላይ ቆመ። ያው እንደተማርኩት የኋላ ፍሬኑን በእግሬ ረገጥኩት፣ ጎማው ተቆለፈ፣ ከደቻቱ በኩል ጎርፍ ያመጣው አሸዋ አስፋልቱ ላይ ነበር፣ ኋላዬ እንደ ጅራት ዞረና ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ የክትባት ሳጥኑ ተከፍቶ በረዶዎቹ መንገዱ ላይ ተበተኑ፣ ህፃናት እየሳቁ ለቀሙልኝ፣ አንዲት ቲማቲም ሻጭ እናት "አብሽሪ ልጄ አብሽሪ" እያሉ ውሃ አፈሰሱልኝ። ባጃጁ ሄዷል።

ተናድጄ ወደ ማሰልጠኛው ተመለስኩ፣ ብሬን መልሱ ልል አስቤ ነበር መሰለኝ። እዛ ነው ጋሼን ያገኘሁት። ድሮ ባቡር ድርጅት የሰራ ሰውዬ ነው፣ ፈረንሳይኛ ጣል ጣል ያደርጋል፣ አንቱ ስለው "አቦ አታስረጂኝ፣ ድሬ ነው ያለሽው" አለኝ፣ ስለዚህ አንተ ነው። ጉልበቴን አየና ምንም ሳይለኝ "ነገ 12 ሰዓት ነይ፣ ጠዋት" ብሎ ሄደ።

ጠዋት ባዶ አስፋልት ላይ ወሰደኝ። "አውቶብስ ድንገት ሲቆም ወዴት ነው የምትሄጂው?" አለኝ። ወደ ፊት፣ አልኩት። "ሞተሩም እንደዛው ነው፣ ክብደቱ ሁላ ፊት ጎማ ላይ ይሄዳል፣ የፊቱ መሬቱን ጨምድዶ ይይዛል፣ የኋላው ቀሎ ይንሸራተታል፣ ታዲያ የቱ ነው የሚያቆምሽ?" በሰላሳ አመቴ ነው ይሄን የሰማሁት። መሬት ላይ በኖራ መስመር አሰመረ፣ በ40 መጥቼ መስመሩ ላይ ስደርስ መጀመሪያ በኋላ ፍሬን ብቻ እንድቆም አዘዘኝ፣ በእርምጃ ለካው፣ 25። ከዛ በሁለቱም። የፊቱን "እንደ ሎሚ ጭመቂው፣ እንደ ዝንብ አትምቺው" እያለ፣ አምስት ስድስቴ ከደጋገምኩ በኋላ 14 እርምጃ ላይ ቆምኩ። በ25 እና በ14 መሃል ያለው መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋና "የቀፊራው ባጃጅ እዚህ ጋ ነበር" አለኝ። የፊት ፍሬን የሚገለብጠው መሪ ዞሮ ወይ አሸዋ ላይ ሆነሽ ድንገት ስትይዢው ነው፣ ስለዚህ ቀጥ በይ፣ ቀስ እያልሽ አጥብቂ፣ በቃ።

ሌላ ቀን እሱ በራሱ ሞተር፣ እኔ በመስሪያ ቤቴ፣ ደንገጎ ወጣን። ሐረር ተመላልሶ የሚያውቅ ያን ኩርባ ያውቀዋል። መውጣቱ አይደለም ችግሩ፣ መውረዱ ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ የሚወርድ ሞተረኛ ስንቱ ነው፣ እኔም ኋላ ተቀምጬ ስንቴ በፎሌ ወርጃለሁ። ጋሼ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘን አደረገ፣ ፍሬን የነካነው ኩርባ ከመግባታችን በፊት ብቻ ነው። ታች ስንደርስ ቆመና የፍሬኑን ከበሮ እጄን ጠጋ አድርጌ ሙቀቱን እንዳይ አደረገኝ፣ ለብ ብሏል። "በፎሌ ብትወርጂ ምራቅ ጠብ ብታደርጊበት ቺስ ይላል፣ ሸራው ከጋለ ደሞ ብትረግጪው ብትረግጪው አይዝም፣ ከኋላሽ የአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ አለ።" ከዛ ፉል በላን፣ እኔ ከፈልኩ። ለዚህ ሁሉ ማሰልጠኛው አንድ ሳንቲም አይከፍለውም፣ ፕሮግራም ውስጥም የለም።

አሰልጣኞቹን ብቻ ልወቅስ አልፈልግም። ፈተናው ስምንት ከጠየቀ ስምንት ነው የሚያስተምሩት፣ "ለፈተናው ይበቃል" ያለኝ ሰውዬ እኮ እውነቱን ነው። ዩቲዩብ ላይ የእንግሊዞቹን ፈተና አየሁ፣ እነሱም ስምንት አላቸው፣ ግን ከስምንቱ ሌላ ቢያንስ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጥተህ ድንገት ቁም ይሉሃል፣ በዛው ፍጥነት እንቅፋት ሽሽ ይሉሃል፣ ከዛ ደሞ መንገድ ላይ ሌላ ፈተና። እኛ ጋ አስፋልት ላይ መስመር ለማስመር የሚያስፈልገው ኖራ ነው። አዋጁ (1074/2010) ወረቀቱን የሚጠራው "የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ" ብሎ ነው፣ የኔ የተረጋገጠው ብቃት አስራ ሁለት ሃይላንድ አለመጣል ነው። አዲስ አበባ በ2011 በወንጀል ምክንያት ሞተር ስትገድብ እዚህም ይከልከል የሚል ሰው አልጠፋም ነበር፣ ኧረ ባካችሁ፣ ገጠር ቀበሌ ክትባቱን ማን ሊያደርስ ነው።

ለማንኛውም ልትገቡ ከሆነ የራሳችሁን ሄልሜት ግዙ፣ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ፣ ክብ ውስጥ E ያለበትና ቁጥሩ በ05 ወይ በ06 የሚጀምር ምልክት ፈልጉ (22.05 ወይ 22.06 የሚባለው የሄልሜት ደረጃ ነው)፣ ምልክቱም አስመስሎ ይሰራልና ፎሙን በጣታችሁ ጫን ብላችሁ እዩት። ስትመዘገቡ የጠዋት 12 ሰዓት ፈረቃ ጠይቁ፣ ጋሼ ያኔ ነው የሚገባው፣ ስሙን ባልነግራችሁም ቦንዥር የሚላችሁ እሱ ነው። ከ6 እስከ 9 ግን አትሂዱ፣ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ገብቷል፣ ሜዳው ላይ የምታገኙት ሃይላንዶቹን ብቻ ነው።