ኤክሴል 2021 እና የግራፍ ላይ ጽሑፍ፦ ከበርካታ ወራት አጠቃቀም በኋላ

ኤክሴል 2021ን ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ በዋናነት የተጠቀምኩበት ከአዲስ አበባ አሥራ አንዱ ክፍለ ከተሞች የሚሰበሰብ መረጃን ወደ ግራፍ ቀይሮ አራት ኪሎ ለሚገኘው ቢሯችን የአማርኛ ሪፖርት ለማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ቀመሮችንና የፒቮት ሠንጠረዦችን አይመለከትም፤ የሚያተኩረው በግራፍ ላይ በሚነበበው ጽሑፍ፣ ማለትም በርእሱ፣ በአክሲሱ (በግራፉ ጠርዝ ባለው የመለኪያ መስመር) ስያሜዎችና በየባሩ ላይ በሚቀመጡት ሌብሎች (አጫጭር መግለጫዎች) ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ጽሑፉ ሴል (የሠንጠረዡ አንድ ሳጥን) ውስጥ ተጽፎ ግራፉ ከዚያ እንዲያነበው ከተደረገ ፕሮግራሙ የሚታመን ነው፤ ጽሑፉ በቀጥታ ግራፉ ላይ በእጅ ሲጻፍ ግን መረጃው በተቀየረ ቁጥር ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ሌብሉን ከፈለግነው የሴል ረድፍ እንዲወስድ የሚያደርገው፣ «ቫልዩ ፍሮም ሴልስ» የሚባለውና ከ2013 እትም ጀምሮ የተካተተው አማራጭ ነው። ከሠንጠረዡ ጎን አንድ ተጨማሪ ዐምድ ከፍቼ የክፍለ ከተማውን አፈጻጸም፣ የዕቅዱን መቶኛና አጭር ማብራሪያ በቀመር አጣምሬ እጽፋለሁ፤ ቁጥሩ ሲታረም ሌብሉም አብሮ ይታረማል። ርእሱንም እንዲሁ ማሰር ይቻላል፦ ርእሱን መርጦ በቀመር መጻፊያው ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት ማስቀመጥ፣ ከዚያም ርእሱ የተጻፈበትን ሴል መንካት ይበቃል። ይህ ግን ዋጋ አለው። ከሴል ጋር የታሰረ ርእስ ውስጥ አንዲትን ቃል ብቻ ማድመቅ ወይም ቀለሟን መለወጥ አይቻልም፤ ሴሉ ላይ የተሰጠው ቀለምም ወደ ግራፉ አይሻገርም። ሩብ ዓመት በመጣ ቁጥር ለሚታደስ ሪፖርት ይህን ጉድለት ያለ ቅሬታ እቀበለዋለሁ።

የፎንት ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የአማርኛ ግራፍ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነውና። ካሊብሪን የመሰሉ የተለመዱ የላቲን ፎንቶች የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ለፊደሉ ሌላ ፎንት ይተካል፤ ከዚህም የተነሣ ቁጥሩ በአንድ መልክ፣ ፊደሉ በሌላ መልክና ውፍረት ይታያል። መፍትሔው የግራፉን የውጭ ጠርዝ መርጦ ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ፎንት ለሁሉም ጽሑፍ በአንድ ጊዜ መስጠት ነው። ኒያላ የተባለው የግእዝ ፎንት ለረጅም ንባብ ደስ የሚል ቢሆንም የራሱ የደማቅ ቅርጽ የለውም፤ ቦልድ ሲደረግ ፕሮግራሙ ፊደሉን በሰው ሠራሽ መንገድ ስለሚያወፍረው በትንሽ መጠን እንደ «ጨ» እና «ሐ» ያሉት ፊደላት ይደፈናሉ። በዚያ ላይ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ ተጨማሪ ፎንት ሆኖ ለብቻው ስለሚጫን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አይገኝም። ኢብሪማ ግን ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የግእዝ ፊደልን ያካተተ፣ እውነተኛ ደማቅ ቅርጽም ያለው በመሆኑ ለግራፍ እርሱን እመርጣለሁ። መጠኑን ከ10 በታች አላወርድም፤ ለላቲን ፊደል 8 ሊበቃ ይችላል፣ «ሰ»ን ከ«ስ» ለይቶ ለማንበብ ግን አይበቃም።

የክፍለ ከተሞቹ ስም ርዝመት ሌላው ፈተና ነው። «የካ» እና «ቦሌ» የትም ይገባሉ፤ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ»፣ «አቃቂ ቃሊቲ» እና «ኮልፌ ቀራንዮ» ግን በቆመ ባር ሥር ሲደረደሩ ቦታ ስለሚያጡ ኤክሴል ስሞቹን በሙሉ ያዘነብላቸዋል፣ አንባቢም አንገቱን ማዘንበል ይኖርበታል። ስሞቹን በየሴሉ ውስጥ በሁለት መስመር መክፈል ለጊዜው ይረዳል፤ የተሻለው ግን ወደ አግድም ባር መቀየር ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስም ከታች ስለሚቀመጥ ቅደም ተከተሉን የሚገለብጠውን አማራጭ ማብራት ያስፈልጋል፤ ያ ሲደረግ የቁጥሩ አክሲስ ወደ ላይ ስለሚዘል እርሱንም በመጨረሻው ምድብ ላይ እንዲያቋርጥ አዝዞ መመለስ ግድ ይላል። ለቀላል ነገር ረጅም መንገድ መሆኑን አልክድም።

የብር መጠንን በተመለከተ የቁጥር ቅርጸቱ አኩርቶኛል። ሌብሉ ላይ 0.0,," ሚሊዮን" የሚል ቅርጸት ሲሰጠው 12,600,000 የነበረው «12.6 ሚሊዮን» ተብሎ ይነበባል፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን ስላልተነካ ድምሩም ሆነ የባሩ ቁመት አይዛባም። ዜሮ የሆኑ ሌብሎችን ለመሰወር ደግሞ #,##0;-#,##0;; በቂ ነው።

ወራትን በሚመለከት ኤክሴል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያሉትን ስሞች እንደ ተራ ጽሑፍ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ጳጉሜን ለብቻዋ ባር መስጠት አምስት ወይም ስድስት ቀን ከሠላሳ ቀን ጋር ማወዳደር ስለሚሆን ከነሐሴ ጋር እደምራታለሁ።

ያልረካሁበት ዋናው ነገር የሌብሎች መደራረብ ነው። በፓይ ግራፍ ላይ ኤክሴል ራሱ ተስማሚ ቦታ የሚፈልግበት አማራጭ አለ፤ በመስመር ግራፍ ላይ ግን የለም፤ ሁለት መስመሮች ሲቀራረቡ ሌብሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃሉና በእጅ መጎተት ያስፈልጋል። ስለዚህ መስመር ላይ የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ሌብል ሰጥቼ ሌሎቹን እተዋቸዋለሁ፤ ይህ ለአንባቢም የሚሻል ይመስለኛል።

የተዘጋጀው ሥራ ለሌላ ሰው ሲላክ ሁለት ነገር መታሰብ አለበት። ከሴል የሚወሰደው ሌብል በ2010 እትም ሲከፈት ጽሑፉ ጠፍቶ በቦታው «ሴልሬንጅ» የሚል የላቲን ቃል በቅንፍ ይታያል። ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ ካሉት ኅትመት ቤቶች ወደ አንዱ የኤክሴሉን ፋይል ይዞ መሄድም፣ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፎንቱ ከሌለው፣ የተለካውን ስፋት ሁሉ ያናጋል። እኔ የምወስደው ፎንቱን በውስጡ የያዘውን ፒዲኤፍ ነው፤ የኤክሴሉ ፋይል የሚሄደው ቁጥሩን ማረም ለሚገባው ባልደረባ ብቻ ነው።