አምፔግ የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ብቻ ቀብድ እንዳትከፍሉ

በዚህ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ፦ «ከአሜሪካ የመጣ ኦሪጅናል አምፔግ ኤስ ቪ ቲ፣ ሙሉ ቲዩብ፣ ባለ ስምንት ስፒከር ካቢኔት ያለው፣ ምንም ያልተነካ»። ቤዝ የምትጫወቱ ሳታዩት አትቀሩም። ለማታውቁት፦ አምፔግ የቤዝ ጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) የሚሠራ ስመ ጥር ኩባንያ ነው፤ ኤስ ቪ ቲ ዝነኛው ሞዴሉ ነው፤ ቲዩብ ደግሞ ድምፁን የሚያጎላው አምፖል መሳይ የመስታወት ክፍል ነው። ዕቃውን በአካል አይቼዋለሁ፤ ከአንድ ቴክኒሻን ጋር ሆነን ከፍተንም መርምረነዋል። እንደተባለው አይደለም። አንድ ወጣት ቤዚስት ከዋጋው ግማሽ የሚበልጥ ቀብድ ከፍሎበት ገንዘቡን ለማስመለስ እየተንከራተተ ነው። ሻጩ ደግሞ ቀብዱን ሳይመልስ ዕቃውን እንደገና ለገበያ አውጥቶታል። ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ምልክቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የካቢኔቱ ጥቁር ሽፋን ከታች በግራ ጥግ በኩል ተልጦ በፕላስተር ተለጥፏል። በፊቱ ጨርቅ ላይ ባትሪ አብርታችሁ ብታዩ ከስምንቱ ስፒከሮች ሁለቱ ከሌሎቹ ይለያሉ። የሄዱ (ከካቢኔቱ የተለየው የማጉያው ሳጥን) የኤሌክትሪክ ገመድ ጠፍጣፋ የአሜሪካ መሰኪያ አለው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ መቀየሪያ ተሰክቶበታል።

ገዢው ሞኝ አይደለም። ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ ገንዘቡንም በሠርግና በክለብ ሥራ ያጠራቀመው ነው። ያሸነፈው ለዚህ ስም ያለው ፍቅር ነው፤ ይህ ፍቅር ደግሞ በአብዛኞቻችን ዘንድ አለ። ምክንያትም አለው። አምፔግን የመሠረተው ኤቨረት ሃል ራሱ የኮንትራባስ (ተቁሞ የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ) ተጫዋች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በኮንትራባሱ መቆሚያ እግር ውስጥ የሚገባ ፒክአፕ (የመሣሪያውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ሠርቶ ነው የጀመረው። በ1960 ጄስ ኦሊቨር የነደፈው ቢ-15 መጣ፤ ሥራው ሲያልቅ ሄዱ ተገልብጦ ካቢኔቱ ውስጥ የሚገባው ማለቴ ነው። የአሜሪካው ሞታውን ሪከርድ ኩባንያ ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን በክለብ ይጫወትበት የነበረው እሱን ነው። በ1969 ደግሞ ቢል ሂውዝና ሮጀር ኮክስ የሠሩት ኤስ ቪ ቲ ወጣ፦ 300 ዋት፣ 14 ቲዩብ። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ አሜሪካን ሲዞሩ ይዘውት ወጡ። በዚያ ዘመን ለቤዝ እንዲህ ያለ ጉልበት መስጠት ተሰምቶ አይታወቅም ነበር። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ከሮሃ ባንድ ጋር እየሰማ ላደገ ሰው፣ ያ የሚሞቅና ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እኔም የአምፔግ ወዳጅ ነኝ። ያንን ድምፅ ከልቤ ስለምወደው ነው በስሙ ሲነገድበት የሚቆጨኝ።

ሻጩ የተጠቀመበት ክፍተት ይህ ነው፦ ኤስ ቪ ቲ የሚለው ስም ዛሬ የአንድ ማሽን ስም ብቻ አይደለም። ኩባንያው ብዙ ባለቤት ቀያይሯል። በ1971 ማግናቮክስ፣ በ1986 ሴንት ሉዊስ ሚውዚክ፣ በ2005 ላውድ ይዘውት ነበር፤ ከ2018 ጀምሮ የያማሃ ጊታር ግሩፕ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያው ስም በጣም ለተለያዩ ዕቃዎች ተሰጥቷል። ኤስ ቪ ቲ-ሲ ኤል እና ኤስ ቪ ቲ-ቪ አር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቲዩብ የሚሠሩ ናቸው። ኤስ ቪ ቲ-3 ፕሮ እና 4 ፕሮ ግን መግቢያቸው ብቻ ነው ቲዩብ፤ ኃይሉን የሚያወጡት በትራንዚስተር ነው። 7 ፕሮ ክብደቱ ቀላል የሆነው ክላስ ዲ የሚባል፣ ትንሽ ኃይል የሚያባክን የትራንዚስተር ማጉያ ስለሆነ ነው። ማይክሮ ቪ አር ደግሞ መልኩ የትልቁ ቢሆንም ውስጡ አንድም ቲዩብ የለውም። ሁሉም በቦታቸው ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም፣ ድምፃቸውም እንዲሁ። «ኦሪጅናል አሜሪካ» የሚለውም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ እንጂ የተሠሩት እስያ ነው።

ለወጣቱ «ሙሉ ቲዩብ» ተብሎ የቀረበለት ኤስ ቪ ቲ-3 ፕሮ ነው። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ የሞዴሉ ስም ያለበት ጎን ተቆርጦ ወጥቷል። ሻጩ ቤት ሲሄድም ዕቃው ራክ ሳጥን ውስጥ ተገጥሞ፣ ብርሃን በሌለበት ጥግ ተቀምጦ ነበር። ከላይ በመተንፈሻው በኩል የጥቂት ትንንሽ ቲዩቦች ብርሃን ሲያሳዩት አመነ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመለየት መክፈት እንኳ አያስፈልግም፣ ማንሳት ይበቃል። ሙሉ ቲዩብ የሆነው ሲ ኤል 36 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ውስጡ ትልልቅ ትራንስፎርመሮችና ስድስት 6550 የሚባሉ ወፋፍራም ቲዩቦች አሉ። በአንድ እጃችሁ አንጠልጥላችሁ ከመኪና የምታወርዱት ሄድ 300 ዋት ቲዩብ አይደለም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ከኋላ ያለው ጽሑፍ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሻጩ «መቀየሪያውን አብሬ ሰጥቼሃለሁ» ያለው ያቺን ነጭ ፕላስቲክ ነው። እሷ የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አትቀይርም። በቀጥታ ብትሰኩት እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ይገባበታል፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ካልሆናችሁ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ። እጅግ ያናደደኝ ነገር፣ ሻጩ ቤቱ ውስጥ ሲያስሞክር ከጠረጴዛ ሥር ስቴፕ ዳውን (220ውን ወደ 120 ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር) ነበረው። አምፑ የሠራው በእሱ ነው። ያ ስቴፕ ዳውን ከዕቃው ጋር አይሸጥም፣ መኖሩም ለገዢው አልተነገረውም። አውቆ ነው ያደረገው።

ስቴፕ ዳውን ገዝታችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ አቅሙ አምፑ ከሚፈልገው ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ላይ ይበልጥ እንደሚሞቅም አትርሱ፤ ረጅም ምሽት ስትጫወቱ አየር ያግኝ። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ ያገለገለ አምፕ ሊልክላችሁ ካሰበ፣ ከመግዛቱ በፊት የኋላውን ጽሑፍ አጉልቶ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ለምኑት። 36 ኪሎ በካርጎ ልኮ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ከዚያ ቮልቱ የማይሆን መሆኑን ማወቅ ለላኪውም ያሳዝናል።

ወደ ካቢኔቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በተለምዶ ፍሪጅ የምንለው ኤስ ቪ ቲ-810ኢ ስምንት ባለ አሥር ኢንች ስፒከሮች አሉት። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት ልክ ነው፤ ሲያንስ ሄዱ ላይ ጫናው ይበዛል። እያንዳንዱ ስፒከር 32 ኦም ነው። ስምንቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ በስቴሪዮ ሲከፈል ደግሞ በእያንዳንዱ ወገን 8 ኦም። ባለ 32 ኦም ስፒከር ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ሲቃጠል አንዳንድ ጠጋኝ በእጁ ያገኘውን ባለ 8 ኦም ይተካበታል። ድምፅ ስለሚወጣ ገዢው አይጠረጥርም።

ይህኛው ሁለት ስፒከሮቹ እንደዚያ ተተክተዋል። ሒሳቡን ብትሠሩት ካቢኔቱ 4 ኦም መሆኑ ቀርቶ 2.3 ኦም ገደማ ይሆናል። 4 ኦም ዝቅተኛ ልኩ የሆነ ሄድ በዚህ ላይ ሲጫወት ይግላል፣ መሃል ፕሮግራም ላይ ይጠፋል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ከዚህ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ባለ 8 ኦም ስፒከር የባለ 32 ኦሙን አራት እጥፍ ኃይል ይወስዳል። ከሄዱ ከሚወጣው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእነዚህ ሁለት ስፒከሮች ላይ ብቻ ይወድቃል ማለት ነው። እነሱ ይቃጠላሉ፣ ስድስቱ ቀሪውን ብቻ ይካፈላሉ። ካቢኔቱ 800 ዋት ይችላል የሚለው የኋላ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ ዋጋ የለውም።

ሳይከፈት ለማወቅ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙ። የስፒከር ገመድ ካቢኔቱ ላይ ሰክታችሁ በሌላኛው ጫፍ ለኩ፤ ጤነኛ ባለ 4 ኦም ካቢኔት ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ ያነባል። ይህኛው ከ2 በታች ነው ያነበበው። ከ4 በላይ ካነበበ ደግሞ የሞተ ስፒከር ሊኖር ይችላል። ሻጭ ይህን እንዳታደርጉ ከከለከለ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እውነተኛ ሙሉ ቲዩብ ሄድ ለማየት ከሄዳችሁ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ካቢኔት ሳይሰካ እንዲያበሩትና እንዲጫወቱበት አትፍቀዱ። ቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይኖረው ሲሠራ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል፤ እሱ ደግሞ በጣም ውድ ከሆኑት ክፍሎቹ አንዱ ነው። «መብራቱ በርቷል፣ ይሠራል» የሚለው ማስረጃ አይደለም። ካቢኔት ላይ ሰክታችሁ፣ የኦም መምረጫው ከካቢኔቱ ጋር መስማማቱን አይታችሁ፣ ሞቅ እስኪል ጠብቃችሁ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በራሳችሁ ቤዝ ተጫወቱ። አንዳንድ ችግር የሚወጣው ከጋለ በኋላ ነው። የስድስቱን ትልልቅ ቲዩቦች ዕድሜም ጠይቁ፤ መለወጥ ካለባቸው ስድስቱም ተመሳስለው የተመረጡ መሆን አለባቸው፣ ወጪውም ቀላል አይደለም።

ስለ ክፍያው። ወጣቱ ቀብዱን የላከው ዕቃውን በደንብ ሳያይ፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ተብሎ ተቻኩሎ ነው። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፤ ያለው የባንክ ማስተላለፊያና የቴሌግራም መልእክት ነው። ደግነቱ መልእክቶቹን አላጠፋም። «ሙሉ ቲዩብ» የሚለው የሻጩ ቃል በጽሑፍ አለ። እናንተም የሻጩን ማስታወቂያ ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት፤ ሞዴሉን፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ ቮልቱን በጽሑፍ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ነጋዴ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዙት ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ግለሰብ ቢሆን እንኳ በማታለል የተገኘ ውል እንዲፈርስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጠየቅ ይቻላል። ወጣቱ አሁን በዚህ መንገድ እየሄደ ነው፤ ለዚህ ነው ሻጩን በስም የማልጠራው።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ያንን ድምፅ አሁንም ለምትፈልጉ፦ ባለ ስምንቱን ካቢኔት የግድ አያስፈልጋችሁም። አምስት ክር የምትጫወቱ በተለይ ይህን ስሙ። 810ኢ ሙሉ ድምፅ የሚሰጠው ከ58 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ነው፤ የሎው ቢ ክር (የአምስት ክሩ ቤዝ ወፍራሙ ክር) መሠረታዊ ድምፅ 31 ኸርዝ አካባቢ ነው። ያ ካቢኔት የሚወደደው በመሃሉ ጡጫ እንጂ በጥልቀቱ አይደለም። ጄመርሰንም ቢሆን ስቱዲዮ ውስጥ አብዛኛውን የቀዳው በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ እየተሰካ ነው፤ ያን ድምፅ የሰጡት ያረጁ ክሮቹና ጣቱ ናቸው። ለአዲስ አበባ ክለብ 3 ፕሮም ቢሆን፣ በትክክለኛ ስሙ፣ በትክክለኛ ዋጋውና በትክክለኛ ቮልቱ ከተገኘ፣ ከጤነኛ ባለ አራት ስፒከር ካቢኔት ጋር ከበቂ በላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ አምፕ ልትገዙ ያሰባችሁና አብሯችሁ የሚያይ ሰው የሌላችሁ ጻፉልኝ። ጠዋት ጠዋት ጊዜ አለኝ፣ መልቲሜትሩንም የስፒከር ገመዱንም ይዤ እመጣለሁ። ክፍያ አልፈልግም።