ብሽሽቴን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ

ለገና አገር ቤት ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ከስጦታው ጋር አንድ ሲዲ ነበረ። የዳሌዬ ኤም አር አይ ምስል ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያየኝ ሐኪም ለመጋቢት የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዞልኛል። ልቤ ግን አልቆረጠም። አምስት ሳምንት አገሬ ስቆይ ሌላ ሰው ይየኝ ብዬ ተነሳሁ።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሐበሻ እንደኔ ብሽሽቱን ይዞ ዓመት ሙሉ እንደሚያነክስ ስለማውቅ ነው። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ሰሜን አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያን ለስፖርት ፌዴሬሽናችን የእግር ኳስ ውድድር እንሰባሰባለን። ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አለ። ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ በረዶ ብሽሽቱ ላይ የያዘ ሰው ሳላይ የተመለስኩበት ዓመት የለም።

የኔ ሕመም ከጀመረ 14 ወር ሆኖታል። ኳስ በውስጥ እግሬ ስመታ ይወጋኛል። ድንገት ስዞር ይወጋኛል። ሲያስለኝም እንደዚያው። መኪና ውስጥ ስገባ ቀኝ እግሬን በሁለት እጄ አንስቼ ነው የማስገባው። አርፌ ይሻለኛል፣ ስጫወት ይመለሳል።

መጀመሪያ የሄድኩት ምስል የሚያነብ ማዕከል ነው። ስሙን አልጠራም። ሲዲውን ሦስት ቀን አስቀምጠው አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። የሚያስረዳኝ ሐኪም ጠየቅኩ፣ የለም ተባልኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ይሄ ኦፕራሲዮን ነው» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ቤቱ ገብቶ እንዴት እንደሚያድር ማሰብ ነበረበት። እኔ አላደርኩም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነጋ።

እማዬ በበኩሏ ወጌሻ ጋ ካልሄድክ አለች። እሺ ብዬ ሄድኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ቅቤ ቀባ አድርገው ጭኔን ከጉልበት ወደ ላይ እየዳበሱ መጡ። አጥንቱ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ነጥቧን በአውራ ጣታቸው ሲነኩኝ ከአልጋው ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ማንም ማሽን እንደዚያ ቶሎ አላገኛትም። ትንሽ አሻሹኝና «ይሄ ወለምታ አይደለም ልጄ፣ ስብራትም አይደለም። እኔ ጋ አይድንም፣ ሐኪም ያሳዩት» አሉ። ገንዘብም አልተቀበሉም። እኒህ ሰው የሚችሉትንና የማይችሉትን ለይተው ስላወቁ ክብር ይገባቸዋል።

ከዚያ የአጥንት ስፔሻሊስት ጋ ገባሁ። ጥቁር አንበሳ የተማሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሐኪም ናቸው። ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠበቅኩ፤ ይህ ለሚቸኩል ሰው ከባድ ነው። ግን ገብቼ 40 ደቂቃ አዩኝ። ሲዲውን አስቀምጠው መጀመሪያ አስተኙኝ። ጉልበቶቼ መሃል ጡጫቸውን አስገብተው «ጨምቅ» አሉ። አመመኝ። የውስጥ ጭኔ ጅማት ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ተጫኑ። እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ቀና በል አሉኝ። ብሽሽቴ ላይ ጣታቸውን አስደግፈው «ሳል» አሉ። በመጨረሻ ጉልበቴን ወደ ሆዴ አጥፈው እግሬን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዞሩ። ሜሪላንድ እነዚህ አንዳቸውም አልተደረጉልኝም። እዚያ የታየው ስክሪኑ ነው።

ከዚያ ሁለት ጡጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋጠሙ። «የዳሌህ አጥንት ከፊት እንዲህ ነው የሚገናኘው። መሃሉ ላይ እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ። ከላይ የሆድህ ጡንቻ ይጎትታል፣ ከታች የውስጥ ጭንህ ጡንቻ ይጎትታል። ሁለቱም የሚያርፉት እዚችው ላይ ነው። ታችኛው ሲደክም መጋጠሚያው ይጎዳል» አሉኝ። ስንት ወር ስጠይቅ የኖርኩት ነገር በሁለት ጡጫ ገባኝ።

ምስሉን ያዩት ከዚህ በኋላ ነው። አጥንቱ ላይ የሚታየው እብጠት ምንም ሕመም በሌለባቸው ኳስ ተጫዋቾች ላይም ይገኛል አሉ። ስለዚህ ምስሉ ብቻውን ቢላዋ አያስነሳም። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2014 ዶሃ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ይህን ሕመም ለይተው ስም እንዳወጡለት አየሁ፤ ከውስጥ ጭን ጡንቻ የሚነሳ፣ ዳሌን ከሚያጥፈው ጡንቻ የሚነሳ፣ ከሆድ ግድግዳው በብሽሽት በኩል የሚነሳ፣ ከፊተኛው መጋጠሚያ የሚነሳ። የዳሌ አንጓው ራሱ ደግሞ ለብቻው ይታያል። ድሮ ብዙው «የስፖርተኛ ሄርኒያ» እየተባለ ሄርኒያ (አንጀት በሆድ ግድግዳ ክፍተት መውጣት) የሌለበት ብዙ ሰው ሲቀደድ ኖሯል። የኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ከመጋጠሚያው ጋር ተደርቦ።

ኦፕራሲዮን አያስፈልግም አላሉም። ይህን በደንብ ልበል፣ ምክንያቱም ቤተሰቤ ያንን መስማት ነበር የፈለገው። የተላላ የሆድ ግድግዳ በስፌት ወይም በመረብ ይጠገናል። የተወጠረ ጅማት ይላቀቃል። የዳሌ አንጓው ላይ የበቀለ አጥንት በትንሽ ካሜራ ገብተው ያስተካክሉታል። መጋጠሚያውን በብረትና በብሎን ማሰር ሁሉም ነገር ከከሸፈ በኋላ የሚመጣ ነው። «ግን ልጄ፣ ብትቀደድም በኋላ የምትሠራው ያንኑ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። መጀመሪያ በትክክል ሠርተኸው ታውቃለህ?» አሉኝ። አልሠራሁም። ሜሪላንድ ስድስት ወር የተደረገልኝ ማሸትና በኤሌክትሪክ ማሞቅ ነው።

ሐኪሙ የላኩኝ የፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የማከሚያ) ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ ይህን እወቁት። ክፍሉ ጠባብ ነው። ዕቃው አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቂት ላስቲክ፣ አንድ ኳስ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳችኝ እሷ ናት። በጎኔ አስተኝታ የላይኛውን እግሬን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። «አሁን ጋሼ፣ በእሱ ተደግፈው ወገብዎን ያንሱ። ቀስ።» ሦስት ጊዜ ሠርቼ እግሬ ተንቀጠቀጠ። እሷ ግን አልቸኮለችም። «ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» እያለች ደብተር ላይ ትጽፋለች። ከሦስት ካለፈ ታቀልለዋለች፣ ካልደረሰ ትጨምራለች።

እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴንማርክ የወጣ ጥናት አለ። ብሽሽታቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው 68 ስፖርተኞች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠሩ። ግማሾቹ ማሸት፣ ሌዘር፣ ኤሌክትሪክና መለጠጥ ተደረገላቸው። ከመጀመሪያዎቹ 23ቱ ያለ ሕመም ወደ ስፖርታቸው ተመለሱ፤ ከሁለተኛዎቹ 4 ብቻ። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ጥናቱ ከወጣ ስንት ዓመቱ! እኔ ግን ስድስት ወር ጀርባዬን ሰጥቼ በማሞቂያ ሥር ተኝቻለሁ።

ክፍያው? ፊዚዮቴራፒ የሠራሁበት ዘጠኝ ቀን ተደምሮ ሜሪላንድ ለሁለት ቀን ከኪሴ የማወጣውን አያክልም። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ይሰጣሉ። ምስላችሁን ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ። ራይድ ስትጠሩ ከፍ ያለ መኪና ብታገኙ ለብሽሽት ይሻላል። ጠዋት ደግሞ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የሚሮጡትን ልጆች ስታዩ እግራችሁ ይበላችኋል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ቆሜ አይቼ ተመለስኩ። ባለሙያዋ ገና ነው ብላለች።

በመጨረሻው ቀን ኳሷን ጉልበቶቼ መሃል አድርጋ «ባለ በሌለ ኃይልዎ ይጭመቁ» አለችኝ። አሥር ሰከንድ ያዝኩ። የመጀመሪያው ቀን ደብተሩ ላይ 7 ተጽፏል። ዛሬ 2 ብላ ጻፈችና ደብተሩን ሰጠችኝ። ከሐኪሙ ጋር የተነጋገርነው ሦስት ወር ሞልቶት ይህንኑ ኳስ ስጨምቅ ካመመኝ እንድቀደድ፣ ካላመመኝ እንድተወው ነው። የመጋቢቱን ቀጠሮ ከቦሌ ሆኜ ደውዬ ወደ ሰኔ አዛወርኩት።