ሱዙኪ አርኢ5፦ የሚያስቸግረው ሮተሩ ሳይሆን ዙሪያው ነው

ፒስቶን የሌለው የድሮ ሞተር ሳይክል ለሚፈልግ ሰው ብዙ ምርጫ የለም። የጀርመኑ ሄርኩለስ ደብሊው-2000 ትንሽ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፣ ጉልበቱም እምብዛም ነው። የሆላንዱ ቫን ቬን ኦሲአር 1000 ጥቂት ደርዘን ብቻ ተሠርቶ ቀረ። የእንግሊዙ ኖርተን ክላሲክም የወጣው 100 ብቻ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ተፈልጎ የሚገኘው፣ መለዋወጫውም ፈጽሞ ያልጠፋው፣ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1976 ያመረተው አርኢ5 ነው። አንድ ሮተር (በፒስቶን ፈንታ በቤቱ ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ጎን ብረት)፣ 497 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ በደቂቃ 6,500 ዙር 62 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ማርሽ፤ ነዳጅና ዘይት ሳይጨመርበት 230 ኪሎ ይመዝናል።

ስሙ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ አላማረም። ቤንዚን ይጠጣል ይባላል፤ እውነት ነው። ይከብዳል ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ሞተሩ አይበረክትም የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ዘይቱንና ውሃውን በጊዜው ያገኘ አርኢ5 ሮተሩ በቀላሉ አይሞትም። ባለቤቱን የሚያሰለቸው በዙሪያው የተደረደረው የኬብል፣ የፓምፕና የፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠር መነካኪያ) ብዛት ነው። ያን ያስተካከለ ሰው የሚያገኘው ምቾት በዘመኑ ሞተሮች ዘንድ ብርቅ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚወረወር ፒስቶን ስለሌለ መሪው እጅ አያደነዝዝም፤ ከፍተኛው የመጎተት አቅሙም በ3,500 ዙር ስለሚደርስ ማርሽ ሳይቀንሱ ዳገት ይወጣል።

ከመግዛትዎ በፊት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ይለኩ። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል። ተራው መለኪያ አየር እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ አለው። ሮተሩ ሦስት ጎን ስላለውና ሦስቱም በአንድ ካንዴላ ፊት በየተራ ስለሚያልፉ፣ ያ ቫልቭ ካለ መለኪያው የሚያሳየው ከሦስቱ የጠነከረውን ብቻ ነው፤ ደካማዎቹ ተደብቀው ያልፋሉ። ስለዚህ ሞተሩን ያሙቁ፣ ካንዴላውን ይፍቱ፣ የመለኪያውን ቫልቭ አውጥተው ይግጠሙት፣ የቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው በሞተሪኖ ያዙሩ። መርፌው እየዘለለ ይመታል። ሦስት ሦስቱን እየቆጠሩ ይመልከቱ፦ ሦስቱም ምት እኩል ከሆነ ደህና ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ምቶች ከደከሙ በመካከላቸው ያለው የጫፍ ፋሻ (በሮተሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ግፊት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ቀጭን ዘንግ) ያፈስሳል፤ አንድ ፋሻ ሁለት ክፍሎችን ስለሚለይ ሲበላሽ ሁለቱንም ያደክማል። አንዱ ብቻ ከደከመ የዚያ ወገን የጎን ፋሻ ይጠረጠራል። ሦስቱም ዝቅ ካሉ ወይ የሮተሩ ቤት ተበልቷል፣ ወይ ሞተሩ ለዓመታት ቆሞ ፋሻዎቹ በጥላሸት ተጣብቀዋል። የኋለኛው ብዙ ጊዜ ይድናል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀጭን ዘይት ያፍስሱ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ በእጅ ቀስ እያሉ ያዙሩት፣ አንድ ቀን አሳድረው ይድገሙት። ሲነሳ መንደሩን በጭስ ይሞላል፤ ይጠራል።

ዘይቱ የሚቀመጠው ሦስት ቦታ ነው፤ አንዱን ሞልቶ ጨረስኩ የሚል ባለቤት ሞተሩን ይገድላል። የሞተሩ ዘይት ኩሽኔታዎቹን ያለሰልሳል፣ ሮተሩንም ከውስጥ ያቀዘቅዛል። ሙቀትም የተቃጠለ ቤንዚን ትራፊም ስለሚደርስበት ቶሎ ይደክማል፤ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር መቀየሩ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። ሦስተኛው ለብቻው ባለ ታንከር ውስጥ ነው፦ ከነዳጁ ጋር ገብቶ የጫፍ ፋሻዎቹን አለስልሶ እዚያው የሚቃጠል፣ ስለዚህ እየጎደለ የሚሄድ። ሦስቱም ቦታ ተራ 10ደብሊው-40 የማዕድን ዘይት ይበቃል። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ወይም ያ ታንከር ባዶ ሆኖ ከቆየ በቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ አየሩ እስኪወጣ ፋሻዎቹ ደረቅ ይፋተጋሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለመጀመሪያው ሙሉ ታንክ ቤንዚን፣ በ10 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት መቀላቀል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ቀኝ እጅዎ መስጫውን ሲያዞር የሚንቀሳቀሰው ካርቡራተሩ ብቻ አይደለም። በመግቢያው ቱቦ ላይ ሌላ ቫልቭ አለ፤ እሱም ይከፈታል። ከዚህ ሌላ የዘይት ፓምፑ ምላስ አብሮ ይሳባል። የሦስቱ ተራ ከተዛባ ሞተሩ የታመመ ይመስላል፤ ሰውም ሮተሩ አለቀ ብሎ ይሸጠዋል። የመግቢያው ቫልቭ በሚኒሞ ጊዜ (መስጫው ሳይነካ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) እስከ መቆሚያው ካልተዘጋ ሚኒሞው ይዋዥቃል። ኬብሉ ከልክ በላይ ከላላ ደግሞ ከፍ ባለ ዙር ሞተሩ የታነቀ ያህል ይሆናል። ሲያስተካክሉ ሞተሩን አጥፍተው፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው፣ በመጀመሪያ የካርቡራተሩን ኬብል፣ ቀጥሎ የመግቢያውን ቫልቭ፣ በመጨረሻ የፓምፑን ምላስ ከምልክቱ ጋር ያጋጥሙ። አንዱን ከነኩ ሌሎቹን እንደገና ይዩ። ክሮቹ የተበጣጠሱበትን ኬብል ለማስተካከል አይድከሙ፤ ይቀይሩት።

ፑንቲናው ሁለት ነው። መስጫውን ሲለቁ ሞተሩ እንዳይንገጫገጭ፣ ኤሌክትሪኩ ከሁለት የሮተር ጎን ለአንዱ ብቻ እሳት እንዲሰጥ ያደርጋል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ የሚንገጫገጭ አርኢ5 ካጋጠመዎ ከካርቡራተሩ በፊት ፑንቲናዎቹንና የቫኪዩም ቱቦውን ይመልከቱ። የፋብሪካው ካንዴላ፣ ኤንጂኬ ኤ9ኢኤፍቪ፣ ውድም ብርቅም ነው። ተራ ካንዴላ የሚቀበል ማስማሚያ ቀለበት ይሸጣል፤ ጥሩ መላ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የካንዴላው አፍ ከሮተሩ ቤት ግድግዳ ፈጽሞ ወደ ውስጥ ማለፍ የለበትም። የጫፍ ፋሻው በቀዳዳው ላይ ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከወጣ ይሰብረዋል።

ውሃው ለአሉሚኒየም የተሠራ ፀረ ዝገት ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። የቧንቧ ውሃ ብቻ ተሞልቶ የቆየ ሞተር ከውስጥ ይበላል፣ የውሃውን መስመር የሚዘጉት ጎማዎችም ይለቃሉ። የራዲያተሩን ክዳን ቀዝቅዞ ሳለ ይክፈቱ፤ ቡናማ ጭቃ ወይም የዘይት ቆዳ ካዩ ዋጋው ላይ ይነጋገሩ። የዚህ ሞተር ጭስ ከባለ ፒስቶን ሞተሮች ጭስ ይልቅ ይግላል፤ ማርሚታዎቹ ድርብ የሆኑትም ከፊት ባለው ወንፊት አየር ገብቶ እንዲያቀዘቅዛቸው ነው። ወንፊቱ በጭቃ ከተዘጋ የውስጡ ቱቦ ይበሰብሳል፤ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው። ፍሬኑ ደህና ነው፣ ዝናብ ላይ ግን የፊት ዲስኮቹ ለመያዝ ይዘገያሉ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሞዴል ከመረጡ፣ በጣሊያናዊው ዲዛይነር በጆርጄቶ ጁጃሮ የተነደፈውን ቆርቆሮ ጣሳ የሚመስል የሰዓቶቹን (የፍጥነትና የዙር መለኪያዎቹን) ቤት ቀርበው ይዩት። ቁልፉን ሲያዞሩ አረንጓዴው ክዳን ተንከባሎ መከፈት አለበት። የተሰነጠቀ ወይም የጠፋ ከሆነ ምትኩ ከአንድ ስብስብ ፑንቲና በላይ ያስወጣል። የ1976ቱ ወደ ተራ ሰዓት ተመልሷል፤ ለማይሰበስብ፣ ለሚነዳ ሰው እሱ ይሻላል።

ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ የሮተሩን ቤት በእጅዎ ይዳስሱ። ገና ሳይደርሱ ሞቆ ከጠበቀዎ ኮምፕሬሽኑን ለክተው ይመለሱ፤ ሌላ ቀን በብርዱ ሲነሳ ካላዩት ገንዘብ አይክፈሉ።