ለአሮጌው ማኪንቶሽ የትኛው ይሻላል? ማክፔይንት ወይስ ማክድሮው፣ ማክራይት ወይስ ወርድ

የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማኪንቶሽ እጃችሁ ከገባ፣ ወይም እንደ ሚኒ ቪማክ ባለ ኢሙሌተር (አሮጌውን ማሽን በዘመኑ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያስኬድ ፕሮግራም) ልታስነሱት ካሰባችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን ሶፍትዌር ይኑረው የሚለው ነው። አሮጌ ዲስኮች ለሽያጭ ሲቀርቡ ሰው ስሙን የሚያውቀውን ያነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ወርድን። እኔ ግን ከስም አትጀምሩ እላለሁ። መጀመሪያ ሁለት ነገር እወቁ፦ ማሽኑ ስንት ሜሞሪ አለው? የሠራችሁትንስ ነገ ተመልሳችሁ ትነካኩታላችሁ ወይስ አንዴ ካለቀ አለቀ?

ሜሞሪው ቀልድ አይደለም። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ያለው 128 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስክሪኑ 512 በ342 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እሱን ለማሳየት ብቻ ከዚያችው ሜሞሪ 22 ኪሎባይት ገደማ ይሄዳል። ፍሎፒው የሚይዘው 400 ኪሎባይት ነው። ሲስተሙም፣ ፕሮግራሙም፣ የእናንተ ሥራም እዚያች ላይ ይጣበባሉ። ድራይቩ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንዱን ዲስክ አውጡ ሌላውን አስገቡ ሲላችሁ ይውላል። በዚያው ዓመት 512 ኪሎባይት ያለው መጣ። በ1986 የወጣው ማክ ፕላስ ደግሞ 1 ሜጋባይት ይዞ፣ እስከ 4 ማሳደግ የሚቻል ሆኖ፣ 800 ኪሎባይት በሚይዝ ፍሎፒ መጣ። ምርጫ ካላችሁ ፕላሱን ያዙ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እሱ ላይ ይቀላል።

ለሥዕል

ማክፔይንትን የጻፈው የአፕሉ ፕሮግራመር ቢል አትኪንሰን ነው፤ ከመጀመሪያው ማኪንቶሽ ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ዛሬም ከፍታችሁ ብትሞክሩት እጅ ላይ ይጣፍጣል። እርሳሱን ያዙና ነጭ ነጥብ ላይ ጫን በሉ፣ ይጠቁራል። ጥቁር ነጥብ ላይ ጫን በሉ፣ ይነጣል። ስለዚህ ትንሽ ስህተት ለማረም ላጲስ መፈለግ የለም። የእርሳሱን ምልክት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ብትጫኑት ፋትቢትስ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ትልቅ ካሬ ሆኖ ይታያችኋል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሥዕሉ በትክክለኛ መጠኑ አብሮ ይቀመጣል። ዓይን፣ ጥፍር፣ የቅጠል ጫፍ የሚሠራው እዚያ ነው። የላጲሱን ምልክት ግን ሁለቴ እንዳትጫኑ፤ መስኮቱ ላይ ያለውን በሙሉ ያጠፋዋል።

የማክፔይንት ገጽ 576 በ720 ነጥብ ነው፣ ከዚያ አይሰፋም። ይህ ብቻውን ወደ 51 ኪሎባይት ይሆናል። ያንን 128 ኪሎባይት ውስጥ ከሲስተሙና ከፕሮግራሙ ጋር አብቃቅቶ ማስኬድ ትልቅ ሙያ ነው፤ ሰውየውን የማደንቀው ለዚህ ነው።

ችግሩ ማክፔይንት የሚያውቀው ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። አራት ማዕዘን ሣላችሁ እላዩ ላይ ክብ ብትጨምሩ፣ ለእሱ ሁለቱም አንድ የነጥብ ክምር ናቸው። ክቡን ላንሳው ብትሉ ከሥሩ ያለው የማዕዘኑ ክፍልም አብሮ ይነሳና ቦታው ባዶ ይቀራል። ጽሑፍም እንዲሁ ነው። አንድ ቃል ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አንዴ ከተጫናችሁ ቃሉ ሥዕል ሆነ ማለት ነው። ፊደል ተሳስታችሁ ከሆነ አጥፍታችሁ እንደገና ትጽፋላችሁ።

ማክድሮው እዚህ ላይ ነው ልዩነቱን የሚያሳየው። መነሻው ሊሳ ለተባለው የአፕል ኮምፒውተር የተሠራው ሊሳድሮው ነው፤ ሁለቱንም የሠራቸው ማርክ ከተር ነው። እዚህ ክቡ ክብ ነው፣ ማዕዘኑም ማዕዘን ነው። ክቡን ስትጎትቱት ከሥሩ ያለው ማዕዘን ሙሉ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ትንሽ ከሆነ ጫፉን ይዛችሁ ትለጥጡታላችሁ። ከላይ ያለውን ወደ ኋላ መላክ፣ ብዙ ነገሮችን አንድ ላይ ማሰር፣ የጻፋችሁትን ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ማረም ይቻላል። ለቤት ፕላን፣ ለወንበር አቀማመጥ፣ ለድርጅት መዋቅር፣ ለቅጽ ከማክድሮው ሌላ አትፈልጉ። ፊት ወይም ዛፍ ልሣል ካላችሁ ግን ማክድሮው ደረቅ ነው። ብሩሽ የለውም፣ ስፕሬይ የለውም።

ልዩነቱ ወረቀት ላይ ይበልጥ ይጎላል። በ1985 የወጣው የአፕል ፕሪንተር፣ ሌዘርራይተር፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ያትማል። ማክፔይንት ግን በኢንች 72 ነጥብ ብቻ ነው የያዘው፤ ስለዚህ ፕሪንተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሰያፉ መስመር ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ማክድሮው መስመሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ለፕሪንተሩ ያንኑ ይነግረዋል፣ መስመሩም ጥርት ብሎ ይወጣል። በነጥብ እየመታ የሚያትመው ኢሜጅራይተር ብቻ ካላችሁ ይህ ብዙም አያሳስባችሁ።

ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ሱፐርፔይንትን ይይ። ሲሊከን ቢች የተባለ ኩባንያ በ1986 ያወጣው ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ንብርብር አለው፦ አንዱ እንደ ማክፔይንት የነጥብ፣ ሌላው እንደ ማክድሮው የቅርጽ። ሥዕሉን በነጥቡ ሠርታችሁ ጽሑፉንና ቀስቱን በቅርጹ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ አንዱን ስታርሙ ሌላው አይነካም። ማክ ፕላስ ላለውና አንድ የሥዕል ፕሮግራም ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምርጫ ይኸ ነው። ብዙ ገጽ የሚሸፍን ትልቅ ንድፍ ከሆነ ግን አሁንም ማክድሮው።

ለጽሑፍ

እዚህ ነገሩ ቀለል ይላል። ማክራይትም ከመጀመሪያው ማኪንቶሽ ጋር የመጣ ነው። ማስመሪያው ጽሑፉ መሃል ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ቀጣዩ ማስመሪያ እስኪመጣ ድረስ የእሱን ኅዳግ ይከተላል። አንዴ ካያችሁት ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል። ደብዳቤና አጭር ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ግን ጽሑፉን በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚይዙ በ128 ኪሎባይቱ ማሽን ላይ 8 ገጽ አካባቢ ሲደርሱ ይሞላሉ። ስሪት 4.5ን ብታገኙ ጽሑፉን ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ይህ ችግር የለበትም። ሥዕል ስትጨምሩበት ሥዕሉ መስመሩን ለብቻው ይይዛል፤ ከጎኑ ጽሑፍ አይሄድም።

ወርድ ለማኪንቶሽ በ1985 ወጣ። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ግን በ1987 ከመጣው ስሪት 3 ነው፦ ስታይል (የጽሑፍን መልክ አንዴ ወስኖ በየቦታው የሚጠቀሙበት)፣ አርእስትን በየደረጃው የሚያሳይ አውትላይን፣ ማውጫ በራሱ የሚሠራ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ማረሚያ። መመረቂያ ጽሑፍ ወይም መጽሐፍ የሚያክል ነገር ካላችሁ ወርድ ግዴታ ነው። 3.0ን ግን አትግዙ፤ ስህተት የበዛበት ስለነበር ማይክሮሶፍት ራሱ 3.01ን በነፃ ለተጠቃሚዎች ልኳል። 3.01ን ወይም በ1989 የወጣውን 4ን ፈልጉ። ብዙዎች የሚያወድሱት 5.1 ጥሩ ነው፣ ግን ለእነዚህ ትንንሽ ማሽኖች ይከብዳል። ሃርድ ዲስክ ከሌላችሁ አትድከሙ።

ሰው የሚረሳው ራይትናው ነው። አፕል ማክራይት በጊዜው ባይደርስስ ብሎ በተጠባባቂነት ያሠራው ነበር፤ በኋላ ቲሜከር የተባለ ኩባንያ ሸጠው። የተጻፈው ለማሽኑ ቋንቋ በጣም በሚቀርበው በአሴምብሊ ስለሆነ ትንሽና ፈጣን ነው። በረጅም ጽሑፍ ላይ ወደ ታች ስትወርዱ ወርድ እያሰበ ነው የሚከተላችሁ፤ ራይትናው አብሯችሁ ይሮጣል። የግርጌ ማስታወሻና የፊደል ማረሚያ አለው። ማውጫና አውትላይን ካላስፈለጋችሁ በፕላስ ላይ ከወርድ አስቀድመዋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሥዕልና ጽሑፍ የምታቀላቅሉ ከሆነ ኮፒና ፔስት በሁሉም መካከል ይሠራል፣ ግን ከአንዱ ፕሮግራም ወጥቶ ሌላውን መክፈት ፍሎፒ ላይ ትዕግሥት ይጨርሳል። 512 ኪሎባይትና ከዚያ በላይ ካላችሁ በ1985 አንዲ ኸርትስፌልድ የሠራውን ስዊቸርን ፈልጉ። ሜሞሪው እስከቻለ ድረስ ሁለት ሦስት ፕሮግራም ከፍቶ ይይዝላችኋል።

ሻጩን ዲስኩ በቅርቡ ተከፍቶ እንደሆነ ጠይቁት፣ ከቻለም ሲሠራ ያሳያችሁ። ሳጥኑ ማማሩ ስለ ዲስኩ ምንም አይነግራችሁም። 400ና 800 ኪሎባይት የሚይዙት የማኪንቶሽ ፍሎፒዎች ዛሬ በሚሸጠው የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ አይነበቡም፤ ስለዚህ ቤት ወስጄ በላፕቶፕ አያቸዋለሁ ብላችሁ እንዳትገዙ። ፋይሎቹ አንዴ ወደ ዘመኑ ኮምፒውተር ከተሻገሩ ግን ሊብሬኦፊስ የማክራይትን፣ የማክፔይንትንና የማክድሮውን ፋይል መክፈት ይችላል።